«ስማቸው የለም» ላለን ዳታቤዝ ፒያሳ ያገኘነው መፍትሔ

ባለፈው ክረምት አንድ አባታችን አረፉ። የእድራችን አባል ነበሩ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ልጃቸው በሬን አንኳኳ። የእድሩ ጸሐፊ እኔ ስለሆንኩ ድንኳኑና ወንበሩ ከመጋዘን ከመውጣቱ በፊት መዝገብ ማየት ነበረብኝ። ላፕቶፑን ከፍቼ ስማቸውን ጻፍኩ። «ምንም አልተገኘም» አለኝ። ደግሜ ጻፍኩ፣ ያው ነው። በአባታቸው ስም ሞከርኩ፣ ያው። ከዚያ ለዚያ ልጅ፣ የአባቱ አስከሬን ቤት ውስጥ እያለ፣ «ስማቸው መዝገቡ ላይ የለም» አልኩት። ልጁ አልተከራከረኝም። ቤቱ ተመልሶ የአባቱን የክፍያ ደብተር አመጣልኝ። የ19 ዓመት መዋጮ በየወሩ ተፈርሞበታል። የመጨረሻዎቹ ፊርማዎች የኔ ናቸው።

ድንኳኑ በጊዜው ወጣ፣ ለቅሶውም እንደ ደንቡ ሆነ። ግን ያቺ ሌሊት ከልቤ አልወጣችም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ከዚያ በኋላ ላፕቶፑን ይዤ የሄድኩባትን ባለሙያ አገልግሎት ለሌላ ሰው ለማሳወቅ ነው። እድር፣ እቁብ፣ ማኅበር፣ መድኃኒት ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ምንም ዓይነት መዝገብ በኮምፒውተር የያዘ ሰው ቢያነበው ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

ባለሙያዋ ጎንደር ፒያሳ፣ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው የምትሠራው። ስላላስፈቀድኳት ስሟን አልጠቅስም። ከማራኪ ሰፈር ባጃጅ ይዤ ስሄድ ላፕቶፑን ተቀብላ ሁለት ሰዓት ነካክታ የምትመልስልኝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ላፕቶፑን ሳትከፍት፣

«ጋሼ፣ ደብተሩ የታለ?» አለችኝ።

«የቱ ደብተር?»

«ከኮምፒውተሩ በፊት የነበረው። የወረቀቱ።»

ቤት ነው አልኳት። «እንግዲያው ነገ ይዘውት ይምጡ፤ ያለሱ የጠፋውን አላውቀውም» አለች። እውነት ለመናገር ትንሽ ተናድጄ ነው የወጣሁት። በማግስቱ ግን ነገሩ ገባኝ። ኮምፒውተር ያላሳየህን ነገር ኮምፒውተሩን ራሱን ጠይቀህ ልታውቀው አትችልም፤ ሌላ ምስክር ያስፈልግሃል።

ደብተሩን ይዤ ስመለስ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር መቁጠር ነው። ጠቅላላ አባል ስንት ነው ብላ ፕሮግራሙን ጠየቀችው። 412 አለ። ከደብተሩ ጋር ገጠመ። የዓመቱን የከፈሉ ስንት ናቸው? 287። ያልከፈሉ? 98። ወረቀት ላይ ጻፈችና ወደኔ አዞረችው። «ይደምሩት እስኪ።» 385 ይመጣል። 27 ሰው የለም። ከፋይ ውስጥ የለም፣ ያልከፈለ ውስጥ የለም፣ ጠቅላላው ውስጥ ግን አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ በየወሩ ለዳኛው ሪፖርት ሳቀርብ ይህን ደምሬ አላውቅም። ሁለቱም ዝርዝር ለየብቻው ትክክል ይመስል ነበር።

እነዚያ 27 ሰዎች የት ገቡ? ይህን ያስረዳችኝ በጣም በትዕግሥት ነው፣ እኔም እንደገባኝ ልጻፈው። «ከፍሏል ወይስ አልከፈለም» የሚለው ኮለም (ዓምድ) ለአንዳንድ አባላት ባዶ ነው። ከድሮው ደብተር ሲገለበጡ ማንም አልሞላላቸውም። ይህን ባዶ ቦታ ዳታቤዙ፣ ማለትም መዝገቡን በኮምፒውተር የሚይዘው ሥርዓት፣ «ነል» ይለዋል። ነል ማለት ዜሮም አይደለም፣ «አልከፈለም» ማለትም አይደለም። «አይታወቅም» ማለት ነው። ስለዚህ ማሽኑን «የከፈሉትን አምጣ» ስትለው ስለነዚህ ሰዎች አላውቅም ብሎ ይተዋቸዋል። «ከከፈሉት ውጭ ያሉትን አምጣ» ስትለውም አላውቅም ብሎ ይተዋቸዋል። እኔ የማስበው ሰው ወይ ከፍሏል ወይ አልከፈለም፣ ሦስተኛ የለም ብዬ ነው። ዳታቤዝ ግን ሦስተኛ መልስ አለው፤ እውነት፣ ሐሰት፣ እና አይታወቅም። የሚያመጣልህ ደግሞ እርግጠኛ ሆኖ «እውነት» ያለውን ብቻ ነው።

እንዲህ ብላ ነው ያስረዳችኝ። «ጋሼ፣ ዕድሜውን የማያውቁት ሰው አለ እንበል። ከ60 በላይ ነው ብል ምን ይሉኛል?» አላውቅም አልኳት። «ከ60 በላይ አይደለም ብልስ?» እሱንም አላውቅም። «አዩ፣ ሰውየው ግን ዕድሜ አለው።» በቃ፣ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ይህ የእኛ ፕሮግራም ጉድለት ብቻ እንዳይመስላችሁ። መረጃን በሠንጠረዥ አድርጎ የመያዝን ሐሳብ የአይቢኤሙ ተመራማሪ ኤድጋር ኮድ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ዛሬ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ኤስኪውኤል የሚባለው የመጠየቂያ ቋንቋም እዚያው አይቢኤም ውስጥ ተወልዷል። የነል ነገር ከረጅም ጊዜ ጀምሮ አብሮት ያለ ሕግ ነው። የሚያውቅ ሰው «ባዶ የሆኑትንም ጨምር» ብሎ በግልጽ ይጽፋል። የኛን ፕሮግራም የሠራልን ሰው አልጻፈም፣ እኛም ጠይቁ የሚለን አልነበረም።

ያረፉት አባታችን ግን ከነዚህ 27 ውስጥ አልነበሩም። የሳቸው ጉዳይ ሌላ ነው፣ እኔንም በጣም ያስገረመኝ ይሄኛው ነው።

ነገሩ ፊደል ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ አንድ ድምፅ ናቸው። ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። በግእዝ ይለያሉ። የአብነት ተማሪ በሞላበት ከተማ ይህን ለማንም ማስተማር አይገባኝም፤ «ሠረቀ» በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ወጣ ማለት ነው፣ ፀሐይ ሠረቀች እንደሚባለው፣ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ግን ሌብነት ነው። በአማርኛ ግን ሁላችንም እንደመጣልን እንጽፋለን፣ ማንም ሰው አንብቦ ይገባዋል። ኮምፒውተር አይገባውም። ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ አሠራር የኛን ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ሲያካትት ለያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ሰጥቶታል፣ መስጠትም ነበረበት። ስለዚህ ለማሽኑ ሀ እና ሐ የሚለያዩት ልክ በ እና ተ የሚለያዩትን ያህል ነው።

አባታችን በደብተሩ ላይ ስማቸው የሚጀምረው «ኃይለ» ተብሎ ነው፣ በብዙኃን ኃ። የገለበጠው ልጅ እንደ ደብተሩ ጻፈው። እኔ በዚያች ሌሊት በሃሌታው ሀ ጻፍኩ። በቃ ይኸው ነው። አንድ ፊደል።

እስኪ ቁጥሩን እንየው፣ እኔ ቁጭ ብዬ ቆጥሬዋለሁ። «ኃይለ ሥላሴ» የሚል ስም እንውሰድ። የመጀመሪያው ፊደል ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል፤ ስድስት። «ሥላሴ» ውስጥ ሥ ወይም ስ፣ ሴ ወይም ሤ፤ አራት። ስድስት በአራት 24። አንዱ ሁለቱን ቃል አራርቆ ይጽፋል፣ ሌላው አጣብቆ፤ 48። «ኃ/ሥላሴ» ብሎ የሚያሳጥር ሲጨመር ደግሞ ከዚያም ያልፋል። አንድ ሰው፣ አንድ ስም፣ ከ48 በላይ አጻጻፍ። ፕሮግራሙ የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው።

ከዚያ «አሁን አድራሻ ላይ ከተማችንን ይፈልጉ» አለችኝ። ጎንደር ብዬ ጻፍኩ። ከአባሎቻችን የተወሰነው ብቻ መጣ። ቀሪዎቹ የታሉ ስላት በ«ጐ» ጻፈችው፤ «ጐንደር»። ቀሪዎቹ መጡ። ጎ እና ጐ ሁለት ፊደል ናቸው። ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩበት ከተማ ስም በራሳችን መዝገብ ውስጥ ለሁለት ተከፍሎ ተቀምጦ ነበር። ቁስቋም እና ቍስቋምም እንደዚያው። አንዳንዱ ስም መጨረሻ ላይ ደግሞ ለዓይን የማይታይ ክፍት ቦታ አለው፣ የጻፈው ሰው ሳያስበው ስፔስ ነክቶ ያለፈው። እሱም ሲፈለግ አይገኝም።

እዚህ ላይ ነው አገልግሎቷን ከልቤ የወደድኩት። እኔ «እንግዲያው ሁሉንም በአንድ ፊደል እንለውጠው» አልኳት። ቀላሉ መንገድ እሱ ነበር። አይሆንም አለችኝ። «ሰው ስሙን እንደጻፈው ነው የሚጻፍለት። ፀሐይ ብላ የተመዘገበች እናት ደረሰኟ ላይ ጸሀይ ተብሎ ቢወጣላት ደስ አይላትም።» በምትኩ ከስሙ አጠገብ አንድ የተደበቀ ኮለም ጨመረች። እዚያ ውስጥ ስሙ በሙሉ ወደ አንድ ዓይነት ፊደል ተመልሶ፣ ክፍት ቦታውም ሁለት ነጥቡም ወጥቶለት ይቀመጣል። እኔ ስፈልግ የምጽፈውም ከበስተጀርባ በዚያው መንገድ ይለወጣል፣ ከዚያ ሁለቱ ይገናኛሉ። ስክሪኑ ላይና ደረሰኙ ላይ የሚወጣው ግን ባለቤቱ የጻፈው ስም ነው።

አጫጭር ስሞቹንም አየቻቸው። «ገ/» ያለውን ገብረ፣ «ኃ/» ያለውን ኃይለ ብላ ፈታችው። «ወ/» ያለውን ግን አልነካችውም። ወልደም ወለተም ሊሆን ይችላላ። የነዚህን ዝርዝር አትማ ሰጠችኝና አንድ በአንድ እየደወልኩ ሞላሁ። ለዚህ ሦስት ምሽት ፈጅቶብኛል።

አሁን ስፈልግ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ሰው አብሮ ይመጣል፣ ፊደሉ አንድ ስለተደረገ። በአባትና በአያት ስም እለያቸዋለሁ። ይህንን አስቀድማ ነግራኛለች፤ የማይፈለግ ሁለት ሰው ቢመጣ በዓይን ይለያል፣ የሚፈለገው ከቀረ ግን ማንም አያውቅም አለችኝ።

ሌሎቹን ባጭሩ ልጥቀስ። የውዝፍ ዝርዝራችን ላይ ከገቡ ጀምሮ አንድም ጊዜ ያልከፈሉ አባላት ጭራሽ አይወጡም ነበር። ሊወጡ የሚገባቸው ቀዳሚዎቹ እነሱ ናቸው። ምክንያቱ አባላት በአንድ ቴብል (ሠንጠረዥ)፣ ክፍያ በሌላ ቴብል መሆኑ ነው። ፕሮግራሙ ሁለቱን ሲያጋጥም ከሁለቱም በኩል ያለውን ብቻ ያመጣል፤ ከፍሎ የማያውቅ ሰው ክፍያ ቴብሉ ላይ ምንም መስመር ስለሌለው ከነስሙ ይቀራል። «ሌፍት ጆይን» በሚባለው ሲቀየር ሁሉም አባል ይመጣል፣ ያልከፈለው የክፍያ ቦታው ባዶ ሆኖ። ግን እሱንም አንድ ሰው አጥፍቶት አየች፤ ሌፍት ጆይን ካደረገ በኋላ በክፍያው ቀን ማጣሪያ ስላስቀመጠበት ባዶ የሆኑት እንደገና ተጠርገው ወጥተዋል። ይህ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው አለችኝ።

ሌላው «ከከፋዮች ዝርዝር ውስጥ የሌሉትን አምጣ» የሚል ሪፖርት ነበር፣ ሁልጊዜ ባዶ የሚወጣ። እኔ ሁሉም ከፍሏል ማለት መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ክፍያ የአባል ቁጥር ሳይሞላለት ገብቶ ኖሯል። ያ ቁጥር የማን እንደሆነ ስለማይታወቅ የማንም ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ማሽኑ ስለማንም ሰው «ይህ በዝርዝሩ ውስጥ የለም» ብሎ እርግጠኛ መሆን አልቻለም። ባንዲት ባዶ ቦታ ምክንያት ሙሉው መልስ ባዶ ሆነ።

ቀኑም አለ። ወር ለመምረጥ የተሠራው ዝርዝር 12 ወር ብቻ ነበር። ጳጉሜን የለችም። እኛ ጋ ደግሞ ሰው አዲሱ ዓመት ሳይገባ ዕዳውን መጨረስ ይወዳል፣ በጳጉሜን የሚከፍለው ብዙ ነው። ያ ሁሉ ገንዘብ ካዝና ገብቶ ሪፖርት ላይ አይታይም ነበር፣ ገንዘብ ያዣችንም በከንቱ ተጠርጥረዋል። እሳቸውን ይቅርታ ጠይቀናል። «ከ1 እስከ 30» ሲባል ደግሞ የ30ኛው ቀን ክፍያ ይቀራል። ፕሮግራሙ ክፍያን ከነሰዓቱ ስለሚመዘግብ 30 ሲባል ቀኑ የጀመረበትን ሌሊት 6 ሰዓት ነው የሚወስደው፤ ጠዋት 3 ሰዓት የከፈለ ከዚያ በኋላ ስለሆነ ይወጣል። አሁን «ከሚቀጥለው ወር 1 በፊት» ተብሎ ተጽፏል።

የመጨረሻው የፋይል ነገር ነው። ፕሮግራማችን ከጀርባው የሚሠራው ኤስኪውላይት በሚባል የዳታቤዝ ሶፍትዌር ነው። ነፃ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣና ዛሬ በየስልኩ ውስጥ ያለ ነገር ነው፣ ሙሉ ዳታቤዙም አንድ ፋይል ብቻ ነው። ለባክአፕ በጣም ይመቻል። ግን በፍላሽ ገልብጠን የወሰድነው ቅጂ በሌላ ላፕቶፕ ላይ ለብቻው እየተሞላ ኖሯል። እዚህ ያስገባሁት እዚያ አይታይም፣ እዚያ የገባው እዚህ። ሁለቱን አስታርቃ አንድ አደረገችልን። አሁን የሚሞላው አንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው፣ ፍላሹ ለመጠባበቂያ ይቀመጣል።

ዋጋው 4,500 ብር ነው። ኮሚቴው ውስጥ «ለሰርች ይህን ያህል?» ያሉ ነበሩ። እኔ አላጉረመረምኩም። በሥራዋ ያልወደድኳቸው ነገሮችም አሉ፣ እነሱንም ልናገር። በ5 ቀን እጨርሳለሁ ብላ 9 ቀን ፈጀባት። መብራት ሲጠፋ የምትሠራበት ሌላ አማራጭ የላትም፣ ሁለት ቀን በዚህ ብቻ ተቃጥሏል። ክፍሏ ውስጥ ሁለት ሰው መቀመጥ አይችልም፣ ደረጃው ቀጥ ያለ ስለሆነ ለሽማግሌ ይከብዳል። የቀየረችውን ነገር ደግሞ በጽሑፍ አልሰጠችኝም። በቃል የነገረችኝን እኔ በደብተር ጻፍኩ፣ ይህንን ጽሑፍም ያወጣሁት ከዚያ ነው። ነገ እኔ ከጸሐፊነት ስወርድ የሚተካኝ ሰው ምን እንደተቀየረ ማወቅ አለበት። ይህን ነግሬያታለሁ፣ ለሚቀጥለው ደንበኛ እንደምታስተካክል ቃል ገብታልኛለች።

ከሷ በፊት ሁለት ሰው ጋ ወስጄው ነበር። ሁለቱም ያረፉትን አባታችንን ስም እንደገና አስገብተው «ይኸው አሁን ይገኛል» ብለው መለሱልኝ። ይገኛል እርግጥ ነው፤ ሁለት ቦታ ተመዝግበው። ለምን እንደጠፋ ሳያዩ የጠፋውን መልሶ መጻፍ ሌላ ጥፋት ነው። እሷ ግን ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ አንድም ስም አላስገባችም። ከሌሎቹ የለያት ይህ ነው፣ ብሩ የተከፈለውም ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ፕሮግራሙ ከታች አንድ መስመር ተጨምሮበታል። ከፍሏል፣ አልከፈለም፣ አይታወቅም፣ ድምር። ድምሩ ከአባላት ቁጥር ጋር ካልገጠመ መስመሩ ይቀላል። የ27ቱን ሰዎች ጉዳይ ከደብተሩ እያየን ሞልተን ጨርሰናል። አብዛኞቹ ከፍለው ነበር።

መሄድ የምትፈልጉ ፒያሳ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግኑትን ብትጠይቋቸው «መዝገብ የምታስተካክለዋ» ብለው ያሳዩዋችኋል። ቅዳሜ ከሰዓት ትዘጋለች። የድሮ ደብተራችሁን፣ ደረሰኛችሁን፣ ያለ የሌለ ወረቀታችሁን ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ ላፕቶፑን ብቻ ይዛችሁ ከመጣችሁ እንደኔ ከደጅ ትመልሳችኋለች።